ነጻው ጎሚስታ

የመጀመሪያው መዶሻ ያረፈው ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው። ቀዩ የብረት ሆዱ እንደ ደወል ጮኸና የጎማ ቤቱ ቆርቆሮ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ምት ስቶ ግድግዳውን ገመሰው። ሴትዮዋ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ የተበሳ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረች አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ትፈልግ ነበር። ቀና ስትል መዶሻውን የያዘው ታናሽ ወንድሟ ሆኖ አገኘችው። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተተርትሯል። ዓይኑ ተከፍቷል እንጂ ማንንም አያይም።

"አንተ ልጅ! ምን ነካህ?"

"ዞር በይ እትዬ! ዛሬ ማንንም አልሰማም!"

"አየር ሞልቶበታል እኮ! ይፈነዳብሃል!"

"ይፈንዳ! ሁላችንንም ይዞን ይሂድ!"

ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ እሷም ከሦስተኛ ክፍል የቀረችው እሱን ለማዘል ነው። ቁጣውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎ ይጠፋል፤ ሲጠፋም ጥፋቱን ለመካስ ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል። የዛሬው ግን እንደዚያ አልነበረም። የዛሬው የጎማ እሳት ነው፤ ውሃ ቢደፉበትም አይጠፋም።

ባሏ ከጓዳ ብቅ አለ። የከባድ መኪና ጎማ ማውለቂያውን ረጅም ብረት በእጁ እንደያዘ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ? ጤናም የለህ?"

"መጣህ፣ ነጻው!" አለ ወንድሟ። "መኪናዬን ወሰዱት። ሰማህ አንተ? አንተ ነጻ ወጣህ፣ የኔን መኪና ወሰዱት!"

ወንድሟ እስከ ዛሬ ባሏን "ጋሼ" እንጂ "አንተ" ብሎት አያውቅም። በሠርጋቸው ቀን ጉልበቱን የሳመ ልጅ ነው። ሴትዮዋ ከመዶሻው ይልቅ በዚያች "አንተ" ደነገጠች።

"ነጻው" የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ባልና ሚስቱ ኮምፕሬሰሩን፣ የጎማ ማውለቂያ ማሽኑንና አንድ ክፍል ሙሉ አዲስ ጎማ የገዙት በብድር ነበር፤ ዋስ የሆነውም ወንድሟ። ከዚያ ዋናው መንገድ ለጥገና ተብሎ ተቆፈረ፣ ከባድ መኪኖቹ በሌላ አቅጣጫ መሄድ ጀመሩ፣ ጎማው ክፍል ውስጥ አቧራ እየጠጣ ተቀመጠ። ወለዱ ግን አልተቀመጠም። አንድ ቀን የአበዳሪው ሰዎች መጡና ባሏን እዚሁ ገንዳ ውስጥ ጭንቅላቱን ደፈቁት። ሦስት ጊዜ አውጥተው ሦስት ጊዜ መለሱት። "አረፋህን አይተን ቀዳዳህን እንፈልግልህ" እያሉ ይስቁ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ባሏ ፊቱን እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል እንጂ ጎንበስ ብሎ አይታጠብም።

ሕጉ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። በአሮጌው ሕግ ተበዳሪ እስከ ድስቱ ድረስ ይወሰድበታል፤ ድስቱ ካልበቃ ደሞዙ፣ ደሞዙ ካልበቃ እስከ መቃብሩ ይከተለዋል። በአዲሱ ግን የወደቀ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ "ከስሬያለሁ" ካለና እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ ይለቀቃል። የሚተኛበት አልጋና እንጀራ የሚበላበት መሣሪያ አይነካበትም። ደግ ሕግ ነው፤ ደግነቱን ሴትዮዋም አትክድም። ባሏ ሄዶ "ከስሬያለሁ" አለ። ዳኛው አዲሶቹን ጎማዎች ለአበዳሪው ሰጥተው "ከቀረው ዕዳ ነጻ ነህ" አሉት። በዚያን ቀን ወንድሟ ራሱ በሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋ መጥቶ "እንኳን ደስ ያላችሁ!" ብሎ አቅፏቸዋል። ዋሱ ለዋስትናው ጨፈረ። ከሦስቱ አንድም "ዋሱስ?" ብሎ የጠየቀ የለም። ዕዳው የሞተ መስሏቸው ነበር። ዕዳ ግን አይሞትም፤ ቤት ነው የሚለውጠው።

ከዚያ በኋላ አበዳሪው ብልጥ ሆነ። አንድ ዋስ ይጠይቅ የነበረው ሁለት ይጠይቅ ጀመር፣ ያውም ቤት ወይም መኪና ያለው። ሰውም ብልጥ ሆነ። "አንዴ ላስቸግርህ" የሚልን ሰው ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ወንድማማች ዓይን ለዓይን መተያየት አቆመ። የአትክልት መሸጫዋ ጎረቤት ዋስ አጥታ ሱቋን ዘጋች፤ ስትዘጋም ሴትዮዋን "አይዞሽ፣ ያንቺ ባል ነጻ ነው" አለቻት። ምርቃት አልነበረም። ሾፌሮቹም እየመጡ "ነጻው፣ ጎማ በነጻ ትነፋለህ አሉ?" ይሉታል። ባሏም አብሮ ይስቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

"መኪናህን ማን ወሰደው?" አለ ባሏ፣ ያላወቀ መስሎ።

"ማን ይወስደዋል? ያንተ አበዳሪ! ጠዋት በር ላይ ቆሙ። ሚስቴ ‘ልጆቼ በምን ይብሉ’ ብላ የመኪናውን በር ይዛ አልለቅም አለች። ጎተቷት። እምቢ ስትል በሩን እጇ ላይ ዘጉባት!" በመዶሻው ወደ መንገዱ ጠቆመ። "ሁለት ጣቷ ተሰብሯል። ሁለት! ልጆቹ እያዩ!"

"ኧረ በእናቴ!" አለች ሴትዮዋ። "አሁን የት ናት?"

"ሐኪም ቤት ጥያት ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" አለ ባሏ። "ሕግ ነው። እኔ አላወጣሁትም። ደግሞስ ስትፈርም እጅህን ይዞ ያስፈረመህ አለ?"

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው። ወንድሟ መዶሻውን ወደ ባሏ ወረወረው። ያው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እስካሁን የመታው ብረቱን ነበር፤ አሁን ግን ፊቱን ወደ አህያው አዞረ። መዶሻው የባሏን ቀኝ ክንድ አገኘው። ድምፁ የእንጨት እንጂ የሥጋ አልነበረም። ጎማ ማውለቂያው ብረት ከባሏ እጅ ወደቀ፤ ባሏ ግን አልወደቀም። በግራው ብረቱን አንስቶ የወንድሟን ጆሮ ግንድ አለው። ደሙ ወዲያው አንገቱ ላይ ወረደ። ተያያዙ። አሮጌዎቹ ጎማዎች ከመደርደሪያው እየተገለበጡ አንዱ እየተንከባለለ መንገድ ድረስ ወጣ። መንገደኛው ቆመ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

"ኧረ ገላግሉ!" ብላ ጮኸች። ማንም አልተነቃነቀም። ባለ ስልኩ የተሻለ ቦታ ፈልጎ ሁለት እርምጃ ቀረበ።

እሷው ገባች። ወንድሟን በሸሚዙ ቅዳጅ ይዛ ስትጎትት ባሏ ብረቱን ሰነዘረ፤ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ለወንድሟ ይሁን ለእሷ የተሰነዘረው አላወቀችም፤ ባሏም ያወቀ አይመስልም። ክንዷ እስከ ጣቶቿ ደነዘዘ። ወንድሟ ይህን ሲያይ አበደ። ባሏን መሬት ላይ ጥሎ ደረቱ ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ጉሮሮውን አነቀው። የባሏ እግሮች ዘይት በጠገበው ወለል ላይ ይራገጣሉ። ፊቱ ጠቆረ። ምላሱ ታየ።

"ገደልከው! ልቀቀው! አንተ፣ ልቀቀው ነው የምልህ!"

ጀርባውን ደበደበችው፣ ጸጉሩን ጎተተችው፣ ጆሮውን ነከሰችው። አልለቀቀም። ያኔ ዓይኗ የኮምፕሬሰሩ ቱቦ ላይ አረፈ። ጎማ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ነገር አለ፤ አየር ክፍት ሆኖ የቱቦው አፍ ከተነቀለ ቱቦው እየተወራጨ ሰው ይገርፋል። አየሩን እስከ መጨረሻ ከፈተችና በደህናው እጇ አፉን ነቅላ ወለሉ ላይ ለቀቀችው።

ቱቦው እንደ ተቆረጠ የእንሽላሊት ጭራ ተፈናጠረ። መጀመሪያ ወንድሟን ጀርባው ላይ ገረፈው፣ ከዚያ ባሏን ጉልበቱን፣ ከዚያ መደርደሪያውን፣ ከዚያ አምፖሉን ሰበረው። በዳዴ ካልሆነ የሚያመልጥ የለም። ሁለቱ ወንዶች ራሳቸውን በክንዳቸው ሸፍነው እየተንፏቀቁ፣ አንዱ ወደ ግራ ግድግዳ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ግድግዳ ተለያዩ። ውጭ ያለውም ሰው ተበተነ። ስልክ ያዡ ቀድሞ ሮጠ።

ሴትዮዋ አየሩን ዘጋች። ቱቦው አንዴ ተንፍሶ ተኛ።

ከዚያ ባሏ እየሳለ፣ በግራ እጁ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

"ፖሊስ ነው የምጠራው። የግድያ ሙከራ ነው! አንቺም ምስክር ነሽ። ያየሽውን ትናገሪያለሽ።"

"ያየሁትን?"

"አዎ! ወንድምሽ ስለሆነ ልትዋሺ ነው?"

"ያየሁትን ከተናገርኩማ ይቺንም እናገራለሁ" ብላ ያበጠውን ትከሻዋን አሳየችው። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ገንዳው ውስጥ ጣለችው። ስልኩ ትንሽ አረፋ አወጣና ሰጠመ።

"እብድ!"

"እብድ ነኝ። ዝም በል አሁን።"

ወንድሟ የወደቀ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ደሙን በሸሚዙ እጅጌ ይዞታል። ቁጣው ወጥቶለት ሳይሆን ጉልበቱ አልቆ ነው። እጆቹን አይቷቸው እንደማያውቅ ያያቸዋል።

"መኪናውን ሲወስዱ ምን አሉህ?" አለችው። "ቁርጡን ንገረኝ።"

"ምን ይሉኛል። የዕዳውን ሲሶ አምጥተህ የቀረውን በየወሩ ከከፈልክ እንለቀዋለን አሉ። አለበለዚያ በሳምንቱ ጨረታ። ሲሶ!" በአፍንጫው ሳቀ። "ሲሶ ቢኖረኝ እዚህ እመጣ ነበር?"

ሴትዮዋ ኮምፕሬሰሩን አየችው። ምን እንደሚያወጣ ታውቃለች። ከእሱ የተሻለ በዚያ መንገድ ላይ የለም። ማውለቂያ ማሽኑ ሲጨመርበት ሲሶ ይሞላል፣ ባይሞላም ጥቂት ነው የሚጎድለው። ባሏ ዓይኗን ተከትሎ ደረሰበት።

"እንዳታስቢው" አለ።

"ምኑን?"

"የምታስቢውን! ዳኛው ራሳቸው ያልነኩትን ዕቃ አንቺ ልትነኪ? ሕግ የሰጠኝ ነው!"

"እስቲ ዳኛው ያሉህን ድገምልኝ።"

"ስንቴ ልድገምልሽ?"

"አንዴ። እንዳሉት አድርገህ።"

ባሏ የተሰበረ ክንዱን አቅፎ፣ እያመመውም ኩራቱ አልለቀቀውምና ድምፁን አስተካከለ። "‘ከእንግዲህ ለመክፈል አትገደድም’ ነው ያሉት።"

"‘አትክፈል’ ብለዋል?"

"እ?"

"‘አትክፈል፣ ከከፈልክ ትቀጣለህ’ ብለዋል ወይ ነው የምልህ።"

"አላሉም" አለ ባሏ።

"እንግዲህ።"

የመፍቻ ሣጥኑን በእግሯ ጎትታ ኮምፕሬሰሩ ሥር ተንበረከከች። እግሮቹ ሲሚንቶው ላይ በትልልቅ ብሎን ታስረዋል፤ ያሰሩት ሌባ ፈርተው ነው።

"በምን ልንበላ ነው?" አለ ባሏ። "ሃምሳ ዓመት አለፈኝ። ከእንግዲህ ማን ያበድረኛል? ስሜን ሲያዩ ገና ይስቃሉ። ይሄ ከሄደ ባዶ ቤት ነው ያለን። ባዶ!"

"በእጅ ፓምፕ እንነፋለን። ስንጀምር በምን ነበር?"

"ያኔ ወጣት ነበርን!"

"እኔ ዛሬም ፓምፕ እረግጣለሁ። አንተ ክንድህ እስኪድን ሒሳብ ተቀበል።"

"እትዬ ተዪው" አለ ወንድሟ ከጎማው ላይ። "እኔ ልሰብረው እንጂ ልወስደው አልመጣሁም። በኋላ እናንተም..."

"ዝም በል አንተ ደግሞ! የቀጠቀጥከው የራስህን መኪና ዋጋ ነበር፤ ድንቁርናህን ለሌላ ቀን አቆየው።"

የመጀመሪያው ብሎን ቶሎ ለቀቀ። ሁለተኛውን ስትጀምር የባሏ ጥላ ላይዋ አረፈ። ብረቱን በግራ እጁ አንስቷል።

"እጅሽን አንሺ።"

አላነሳችም።

"አንሺ ነው የምልሽ! እኔ እኮ እዚያ ገንዳ ውስጥ ውሃ የጠጣሁ ሰው ነኝ! ያን ጊዜ ያንቺ ወንድም የት ነበር? ማን ደረሰልኝ? ሕጉ ብቻ ነው የደረሰልኝ! አሁን አንቺ..."

"ልክ ነህ" አለች ቀና ሳትል። "አንተን ደፍቀውሃል። ዛሬ የእሱን ሚስት ጣት ሰበሩ። ነገ ተራው የማን ነው? ቀጥሎ በር የሚዘጋበት የማን ልጅ እጅ ነው?"

ብረቱ ወረደ። ከእጇ አንድ ስንዝር አልፎ ሲሚንቶውን መታው። ብልጭታው ጉንጯን ነካት። ወንድሟ ከጎማው ዘሎ ሲነሳ "ተቀመጥ!" ብላ ጮኸችበት፤ እንደ ልጅነቱ ተቀመጠ። እሷ መፍቻውን መልሳ ብሎኑ ላይ አገባች። መፍቻው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተባት፣ በሦስተኛው ያዘ። በክብደቷ ሁሉ ተጫነችው። ሁለተኛው ለቀቀ። ሦስተኛው ዝጎ ነበርና እየተፋጨ፣ እየጮኸ፣ የትከሻዋን ሕመም እስከ ጥርሷ እያደረሰ ወጣ። ባሏ ብረቱን እንደያዘ ቆሞ ያያታል። ደግሞ አላነሳውም። አልጣለውምም።

በሩ ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ጭነቱን እንደ ተራራ የቆለለ ከባድ መኪና ቆሟል፤ የኋላ ጎማው መሬት ላይ ተጋድሟል። ሾፌሩ ወርዶ አንገቱን አስገባ። የተሰበረውን አምፖል፣ የተገለበጡትን ጎማዎች፣ ወለሉ ላይ ያለውን ደም፣ አንድ ክንዱ የተንጠለጠለውን ሰውዬ፣ ጎማ ላይ የሚደማውን ወጣት አየ።

"ምን ሆናችሁ ጎበዝ?"

"ቤተሰብ ነን" አለች ሴትዮዋ።

ሾፌሩ ይሳቅ አይሳቅ ቸገረው። "ጎማ... ሁለት ናቸው የተበሱብኝ። ትርፍ ጎማውም ጭምር። እቸኩላለሁ፣ የፈለጋችሁትን እከፍላለሁ።"

እንዲህ ያለ ደንበኛ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ባሏ ጎማ ማውለቂያውን ወደ ኋላው ደበቀና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ድሮ እንደሚያናግራት አናገራት።

"አንቺ... ሰሚኝማ። ብሎኖቹን መልሺያቸው። ይህን ሰውዬ እናስተናግደው። የቀረውን ማታ ተቀምጠን እንነጋገራለን። እኔም ክንዴን እታከማለሁ፣ እሱም ጭንቅላቱን ይታሰራል። ነገ ደግሞ ሌላ ደንበኛ ይመጣል። እ? ነገ ደግሞ ሌላ።"

ሴትዮዋ የሚሆነውን አወቀችው። ማታ ይነጋገራሉ፣ ነገ ደንበኛ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል፤ በሳምንቱ ሚኒባሱ ይሸጣል። ማንም ክፉ ሳይሆን ይሸጣል።

ከመንገዱ ከፍ ብሎ ሌላ ጎሚስታ አለ። ደንበኛ ነጠቀን ብለው ሰላምታ ከነሱት ዓመት አልፏል፤ በሞት ካልሆነ ስሙን እንደማያነሱ ባልና ሚስቱ ተማምለዋል። ሴትዮዋ ግንባሯን በቅባት እጇ ጠርጋ ሾፌሩን አየችው።

"እዚህ አየር የለም ወንድሜ። ወደ ላይ ውጣ፣ መታጠፊያው ጋ አንድ ጎሚስታ አለ። ሥራውን ያውቃል፣ አያስከፋህም።"

"አንቺ!" አለ ባሏ።

"ስትደርስ ደግሞ" አለች፣ መፍቻውን አራተኛው ብሎን ላይ እያስገባች፣ "የታችኛዋ ጎሚስታ ኮምፕሬሰሯን ልትሸጥ ነው፣ ገንዘቡን ይዞ ቶሎ ይምጣ በልልኝ።"